በአራት መቶ ሜትር የታየው ፊት

የፓምፕ ሜካኒኩን ያገኘነው ፓምፕ ቤቱ በር ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ማጅራቱ ላይ አንድ ጊዜ በከባድ ነገር ተመትቷል። ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ትልቅ የቧንቧ መፍቻ ወድቋል፤ ጫፉ ላይ ደምና ፀጉር አለበት። ከመፍቻው አጠገብ ደግሞ እጁ እስከ አንጓው ደም የሆነ ረጅም ቀጭን ዘበኛ መሬት ላይ ተዘርፍጦ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

እኔ ገና ከመኪናው ሳልወርድ ፋይሉን በልቤ ዘግቼዋለሁ።

የቸኮልኩበትን ምክንያት አልደብቅም። የምርመራ ክፍላችን አዲስ ኃላፊ ከተሾመችልን ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ይህች ሴት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እኔ ዘንድ ለልምምድ ስትመጣ የአሻራ ዱቄቱን ልብሷ ላይ የምትደፋ ልጅ ነበረች። ቃል አቀባበልን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሁን እሷ ኮማንደር ናት፤ እኔ ያኔም ኢንስፔክተር፣ ዛሬም ኢንስፔክተር። የእሷ ቢሮ ሁለት መስኮት አለው፣ የኔ አንድም የለውም። ቀናሁ። ሌላ ስም ብሰጠው ራሴን መሸንገል ይሆንብኛል። እናም ይህን ግድያ በአንድ ሌሊት ጨርሼ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ ዘጭ ላደርግላት ቋመጥኩ።

ዘበኛውን የወረቀት ፋብሪካው ሠራተኞች ቀጮ ነው የሚሉት። ቁመት እንጂ ሥጋ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ፓምፕ ቤቱ ከወንዙ ውኃ ስቦ ለፋብሪካው የሚልክ ባለ አንድ ክፍል ቤት ሲሆን ከግቢው ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር ነው ያለው። የቀጮ የጥበቃ ቦታ ግን ሽቅብ፣ መጋዘኑ አጥር ሥር ነው።

"እዚህ ምን ልትሠራ መጣህ?" አልኩት።

"ጩኸት ሰምቼ ነው ጌታዬ።"

"ከመጋዘኑ ሆነህ?"

"አዎ ጌታዬ።"

አብሮኝ የመጣው ሳጅን ከኋላዬ ሳቁን ዋጠ። ፓምፑ እየሠራ ስለነበር እኔና ቀጮ አጠገብ ላጠገብ ሆነን የምንነጋገረው እየተጯጯህን ነው። መጋዘኑ ድረስ የሚሰማ ጩኸት የሚያወጣ ሰው ገና አልተወለደም።

"መፍቻውን ማን ነካው?"

"እኔ። ራሱ ሥር ነበር፣ አንስቼ ወረወርኩት። ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም።"

"ስንት ሰዓት ላይ ነው ያገኘኸው?"

"ሁለት ሰዓት ከአሥር ይሆናል።"

"ከዚያ በፊት ዛሬ ማታ እዚህ መጥተህ ነበር?"

ዓይኑን ሰበረ። "አልመጣሁም" አለ።

እየዋሸ እንደሆነ ለማወቅ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም ነበር። ካቴና እንዲያስርለት ለሳጅኑ ስጠቁመው አንድ ኮስተር ያለ ጎልማሳ ቁልቁለቱን ወርዶ መጣ። አንገቱ ላይ አጭር ጥቁር ቱቦ የመሰለ መሣሪያ አንጠልጥሏል። የፋብሪካው የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው።

"ሲገድለው አይቼዋለሁ" አለኝ፣ ሰላምታም ሳያስቀድም።

"ማን? ማንን?"

"ቀጮ፣ ሜካኒኩን። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ። እዚያ ላይ ነበርኩ።" በጣቱ ዳገቱ ላይ የቆመውን የውኃ ጋን ማማ አሳየኝ። በጨለማው ውስጥ ማማው ራሱ እንደ ጥላ ነው የሚታየው።

"ከዚያ ሆነው? በዚህ ጨለማ?"

"በዚህ ነዋ!" ቱቦውን ከፍ አደረገው። "የሌሊት መነጽር ነው። የመዳብ ገመድ እየተሰረቀ ስላስቸገረን ፋብሪካው ገዝቷል፤ ግዢውን የፈጸምኩት እኔ ነኝ። ከማማው እስከዚህ ሦስት መቶ ሰላሳ ሜትር ነው። መሣሪያው አራት መቶ ያያል።" ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከላይ በትልቁ የታተመውን ቁጥር በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ እውነትም አራት መቶ ሜትር ይላል።

"ፊቱን ለይተውታል?"

"እርስዎን አሁን እንደማይዎት።"

"ለምን ወዲያው አልጮኹም?"

"መሰላሉን እስክወርድ እሱ ራሱ 'ሰው ገደሉ' እያለ ይጮህ ጀመር። ተዋናይ ነው እኮ!"

ቀጮ ይህን ሲሰማ አፉን ከፍቶ ቀረ። "ጋሼ፣ እኔን?" አለው። "እኔን አዩኝ?"

ንብረት ኃላፊው ፊቱን አዞረ። እኔም የዓይን ምስክር፣ ደም የነካ እጅና ውሸታም ተጠርጣሪ በአንድ ምሽት እጄ ስለገቡ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ኮማንደሯ ፋይሉን አንብባ እስክትጨርስ ከፊቷ ተቀመጥኩ። ብቻችንን ስንሆን ዛሬም "ጋሼ" ትለኛለች። ሌላው ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሷ ስትለው ግን ሽበቴን የምትቆጥርብኝ ይመስለኛል።

"ጋሼ፣ አራት መቶ ሜትር ያያል ማለት ምን ማለት ነው?"

"ያያል ማለት ያያል ነዋ!"

"ምኑን?"

"ሰውን!"

"ፊቱንም?"

 ተቆጣሁ። ምስክሩ ወረቀት እንዳሳየኝ፣ ቁጥሩን በዓይኔ እንዳየሁ፣ አንዳንድ ሰው በሥልጣን ወንበር ላይ ሲቀመጥ የጠራውን ውኃ ማደፍረስ እንደሚወድ ነገርኳት። አስጨረሰችኝ።

"ነገ ጠዋት ፋይሉን ለዐቃቤ ሕግ እንልካለን" አለችኝ። "ይህ ልጅ በዚህ ምስክር ዕድሜ ልኩን ሊታሰር ነው። ካላስቸገርኩዎት መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው ይጠይቁልኝ።"

ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። መሣሪያውን የሸጠው ሱቅ የሄድኩት እውነቱን ልፈልግ አልነበረም። ስህተቷን በወረቀት አስጽፌ ላመጣላት ነው።

ባለ ሱቁ የአጉሊ መነጽርና የቀያሽ መሣሪያ ሲጠግን ያረጀ ሰው ነው። የራሱ የዓይን መነጽር የጠርሙስ ቂጥ ያህል ወፍሯል። ወረቀቱን ሳሳየው ገና ሳያነበው ሳቀ።

"አራት መቶ ያያል ወይ? ያያል። ምኑን እንደሚያይ ግን ማንም ገዢ አይጠይቅም።"

የኮማንደሯን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ ምላሴን ነከስኩ። ሰውየው እርሳስ አንስቶ አንድ ረጅም መስመር ሠራና ሦስት ቦታ ቆረጠው።

"ይህ አራት መቶ ያሉት 'አንድ ነገር አለ' የሚሉበት ርቀት ነው። ሰው ይሁን ጥጃ፣ አያውቁም። ነጣ ያለ ነገር ቆሟል፣ በቃ። 'ሰው ነው' ብለው አፍዎን ሞልተው ለመናገር መቶ ሜትር ድረስ መቅረብ አለብዎት። 'እገሌ ነው' ለማለት ደግሞ ስልሳ።"

"ይሄ የት ተጽፏል?"

ወረቀቱን ገለበጠው። ከጀርባው ከታች፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል ሦስቱም ርቀቶች ተዘርዝረዋል። እኔ ወረቀቱን ገልብጬ አላየሁም ነበር።

"ያውም የተለካው ሩብ ጨረቃ ባለበት ጥርት ያለ ሰማይ ነው፤ እሱንም ጽፈውታል። ትናንት ማታ ጨረቃ ነበረች?"

"ደመና ነበር።"

"እንግዲህ ከዚያም ይቀንሱለት። የራሱ የማይታይ መብራት አለው፤ እሱም ከመቶ ሜትር አያልፍም።"

"ስምንት እጥፍ ያጎላል ይላል እኮ" አልኩ፣ የሞት ሞቴን።

"የጋዜጣ ፎቶ በማጉያ አይተው ያውቃሉ? ባጎሉት ቁጥር ፊቱ ይጠፋና ነጠብጣብ ይቀራል። ይሄም እንደዚያ ነው፤ የያዘውን ያሰፋል እንጂ ያልያዘውን አይጨምርም።" ወረቀቱን መለሰልኝ። "ሦስት ዓይነት አቅርቤለት ነበር። አንዱ ሁለት መቶ ሜትር ነው የሚለው፤ ግን መስተዋቱ ይበልጣል፣ ያየውንም ይቀዳል። ይሄኛው አይቀዳም። ሰውዬው ትልቁን ቁጥር አንስቶ ሄደ።"

"ሲገዛ ምን ምን ጠየቀዎት?"

"ሦስት ጊዜ ደወለልኝ። ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል አላለም፤ ዝናብ ይችላል ወይ አላለም። ሦስቱንም ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 'ሴትና ወንድ ይለያል ወይ?' ቅርብ ከሆነ ይለያል አልኩት። ቅርብ ያልኩትን የሰማኝ አይመስለኝም።"

እሱ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ያንከባልላል፤ እኔም ቃሉን እያላመጥኩ ቆምኩ። የመዳብ ገመድ የሚሰርቅ ሌባ ሱሪ ለበሰ ቀሚስ፣ ለፋብሪካው ምን ይለውጥለታል?

ከዚያ በቀጥታ ማማው ላይ ወጣሁ። አርባ ሁለት የብረት ደረጃ ቆጠርኩ። ጋኑን ዙሪያውን የሚያቅፍ ጠባብ የብረት መተላለፊያ አለ። ገመዱ የተሰረቀበት መጋዘን የሚታየው ከምሥራቅ በኩል ሲሆን እዚያ ወለሉ ላይ የወፍ ኩስና አቧራ እንጂ የሰው እግር የረገጠው ነገር የለም። በምዕራብ በኩል ግን የመሣሪያው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ዝገቱን ፍቆ ሦስት ነጥብ አበጅቷል። በዚያ በኩል ቁልቁል የሚታየው ፓምፕ ቤቱ ብቻ ነው።

የጥበቃ ክፍሉ መዝገብ ላይ ንብረት ኃላፊው መሣሪያውን ፈርሞ ያወጣው ዘጠኝ ምሽት ነው። ዘጠኙንም ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ።

ጣቢያ ስመለስ ቀጮ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ምግቡን አልነካም።

"ስማኝ" አልኩት። "እውነቱን ከነገርከኝ ልረዳህ እችል ይሆናል። ከዋሸኸኝ ነገ ጠዋት ከእጄ ትወጣለህ። ፓምፕ ቤት ምን ትሠራ ነበር?"

 "ከሥራ ያባርሩኛል" አለ።

"አንተ ሰውዬ፣ በግድያ ተከሰህ ስለ ሥራህ ትጨነቃለህ?"

"እያስተማረኝ ነበር" አለኝ። "ፓምፕ መፍታትና መግጠም። ቅዳሜ የሙያ ፈተና አለብኝ። በየምሽቱ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ተኩል ግድም የጥበቃ ቦታዬን ጥዬ እወርድ ነበር። ጥሎ የሄደ ዘበኛ በዚያው ቀን ነው የሚባረረው። ለዚያ ነው የዋሸሁት። ትናንት አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ በሩ ድረስ ሸኘኝ፤ 'ታልፋለህ፣ አይዞህ' ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። መጋዘኑ ደርሼ ደብተሬን እንደረሳሁ ትዝ ሲለኝ ተመለስኩ። ስመለስ..."

ደብተሩን ሳጅኑ ፓምፕ ቤት ውስጥ አግኝቶት ነበር፤ የሟቹ ነው ብለን ሳናየው ካርቶን ውስጥ ጥለነዋል። አሁን ገለጥኩት። በሁለት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ በአንዱ የተጻፈውን ሌላው በቀይ አርሞታል።

"ስትወርድ ምን ትለብስ ነበር?"

ጥያቄው ግራ ገባው። "የዝናብ ካፖርቴን። የቀድሞው ዘበኛ ትቶት የሄደው ነው፤ ሰፊ ነው፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርሳል። ራሴ ላይ ሻርፕ እጠመጥማለሁ። ወንዙ ዳር ጆሮዬን ብርድ አይችለውም።"

እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ እንዳልኩ ራሴን ያዝኩ።

የንብረት ኃላፊው ባለቤት በፋብሪካው ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። ረጅም ቀጠን ያለች፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት። መርፌ እየቆጠረች አናገረችኝ።

"ሜካኒኩን ታውቂው ነበር፣ እህቴ?"

"ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ቤታችን ቧንቧ ጠግኖልናል።"

"ያን ዕለት ምን ተፈጠረ?"

መቁጠሯን አቆመች። "ምንም። ቧንቧው ፈንድቶ ፊቱ ላይ ረጨው፤ እኔም ሳቅኩ። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ስስቅ ደረሰ። ማታ 'ለምን እንደዚያ ሳቅሽ? ከኔ ጋር እንደዚያ ስቀሽ አታውቂም' አለኝ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም።"

"ትናንት ማታ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት የት ነበርሽ?"

"ቤቴ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ። የት እሆናለሁ?"

አመንኳት። የሌላውን ሰው ሳቅ የሚቆጥር ሰው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ኮማንደሯ ከአለቆች ጋር ስትስቅ ግድግዳ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ስንት ጊዜ እንደሳቀች ቆጥሬያለሁ። በምን እንደሳቁ አላውቅም፤ በኔ እንደሆነ ግን እርግጠኛ ነበርኩ።

ኮማንደሯ ቢሮ ስገባ አልተቀመጥኩም። ያገኘሁትን ሁሉ ነገርኳት። የምፈልገውንም ነገርኳት። ጥርሴን ነክሼ፣ ጥያቄዋ ትክክል እንደነበርም ጨመርኩበት።

"ይሆናል ብለው ያስባሉ?" አለችኝ። "ንብረት ኃላፊው አስተዋይ ሰው ይመስላል። አፉን አይከፍትልን ይሆናል።"

"የቀና ሰው አስተዋይ አይደለም" አልኳት። "ይህን እኔን ጠይቂኝ።"

አየችኝ። የገባት ይመስለኛል። "እንግዲያው እርስዎ ይምሩት። እኔ ሚስቱን ይዤ ቀድሜ ማማው ላይ እወጣለሁ" አለች።

የዚያን ዕለት ምሽት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ንብረት ኃላፊውን አስከትዬ አርባ ሁለቱን ደረጃ ወጣሁ። ጨረቃ የለችም። ኮማንደሯና ነርሷ ከጋኑ ማዶ፣ ከመተላለፊያው መታጠፊያ ጀርባ ቆመዋል፤ እሱ ይህን አያውቅም።

"ፓምፕ ቤቱ አካባቢ ሰው ሲዞር ታይቷል አሉ" አልኩት። "ምናልባት የቀጮ ግብረ አበሮች ይሆናሉ። በዚህ ርቀት ፊት መለየት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ነው ያስቸገርኩዎት።"

"ምንም ችግር የለውም" አለ፣ ደስ ብሎት። ማቆሚያውን ዘረጋ። ሦስቱ እግሮች ሳይፈልጋቸው ሦስቱ ነጥቦች ላይ አረፉ። ዓይኑን አስጠጋ።

"ምን ይታይዎታል?"

"በሩ ላይ... አዎ፣ ሁለት ናቸው።"

እዚያ ታች የቆሙት ሳጅኑና ካፖርቱን ለብሶ ሻርፑን የጠመጠመው ቀጮ ነበሩ። ሳጅኑ ባዘዝኩት መሠረት እጁን አንስቶ ቀጮ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

ንብረት ኃላፊው መተንፈስ አቆመ። ጠበቅኩ።

"ማንን አዩ?" አልኩት።

የመነጽሩን ማስተካከያ ደጋግሞ አዞረ።

"ፊታቸው ካልታየዎት እንውረድ፤ ግድ የለም።"

"ይታየኛል!" ድምፁ ተሰነጠቀ። "ሚስቴ ናት!"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አሥራ ሁለት ዓመት አብሬያት የኖርኩትን ሚስቴን አላውቃትም? ቁመቷን አላውቅም? አቋቋሟን? ያ ከሞተ ገና አንድ ቀኑ ነው እኮ! አንድ ቀኑ! ዛሬ ደግሞ ሌላውን..." ግንባሩን ላብ አጠመቀው። "እንደገና እጁን ትከሻዋ ላይ... እንደዚያኛው..."

"ትናንትም ያዩት እሷን ነበር?"

"እሷን ነበር! ዘጠኝ ቀን አየኋት! ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምንም አላልኳትም!"

ከጋኑ ማዶ እርምጃ ተሰማ። ነርሷ መታጠፊያውን ዞራ ሁለት ክንድ ያህል ቀርባ ቆመች። ኮማንደሯ ክንዷን ይዛታለች።

"እኔ እዚህ ነኝ" አለችው።

አልዞረም። በሕይወቴ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን አላየሁም። ዓይኑን ይበልጥ መሣሪያው ላይ ጫነው።

"አይደለሽም" አለ። "እዚያ ነሽ።"

ሬዲዮኔን አውጥቼ መብራቱን እንዲያበሩ አዘዝኩ። ሳጅኑ የእጅ ባትሪውን ለኮሰና የቀጮ ፊት ላይ አበራው። ቀጮ ሻርፑን ፈትቶ ራሱን ገለጠ። ንብረት ኃላፊው ያኔ ነው ከመሣሪያው ላይ ቀና ያለው። መጀመሪያ ወደ ታች በዓይኑ አየ፣ ቀጥሎ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ ብረቱ ወለል ላይ ተቀመጠ።

"የት ደበቅካት ስለው ሳቀ" አለ። "'ማንን?' ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ዞር ሲል መፍቻው በሩ ሥር ነበር።"

"ቀጮን ለምን?"

"እጁ ደም ሆኖ ሳየው... እግዚአብሔር ሰጠኝ አልኩ።"

ሳጅኑ ሌሊቱን ቤቱን ሲፈትሽ ታጥቦ ከተሰቀለ ሱሪ ስፌት ውስጥ ደም አገኘ። ሰውዬው ቃሉን ሲሰጥ አንድም ነገር አልካደም። ሦስት ጊዜ ግን የመሣሪያውን ወረቀት እንድሰጠው ለመነኝ፤ ከጀርባው የተጻፈውን ደጋግሞ ያነበዋል፣ ይመልሰዋል፣ እንደገና ይጠይቀኛል።

ሐሙስ ጠዋት የቀጮን በር ራሴ ከፈትኩ። በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቴ ለተጠርጣሪ ይቅርታ ስል የመጀመሪያዬ ነበር።

"ማንን መስዬው ነው?" አለኝ።

"ሚስቱን።"

ሳቁ አመለጠው። ወዲያው ግን ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

"እንግዲህ መምህሬ የሞተው በኔ ነው?" አለኝ። "ያን ካፖርት ባልለብስ ኖሮ..."

"አንተ ምንም አላደረግክም" አልኩት።

"ደጅ ድረስ የሸኘው እኮ እኔን ነው።"

 ደብተሩን ሰጠሁት፤ ቅዳሜ ከፈተናህ እንዳትቀር አልኩት። የፋብሪካው ኃላፊዎች ቦታውን ጥሎ በመሄዱ እንዳይቀጡት ኮማንደሯ ደብዳቤ ጽፋለት ነበር። እሱን እንኳ ቀድማኝ አስባበታለች። ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። ሪፖርቱ ላይ ግን "ምርመራውን የቀየረው ጥያቄ የኮማንደሯ ነው" ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት፤ እጄም አልደረቀም።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ቃሏን ልትፈርም መጣች። ጽሑፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችው። ብዕሩን ከያዘች በኋላ ቆም አለች።

"እነዚያን ዘጠኝ ምሽቶች" አለችኝ፣ "ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ነበር። በየቀኑ አንድ ሰዓት ሲል ይወጣል፤ ሲመለስ ዓይኔን አያየኝም። ማናት እያልኩ ስቃጠል ነበር። የፋብሪካውን ሴት ሠራተኛ ሁሉ አንድ በአንድ ጠርጥሬያለሁ። መቼ ይመጣል እያልኩ መብራት አብርቼ መስኮቱ ሥር እቀመጥ ነበር።"

ፊርማው የሚያርፍበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋት።

"ከማማው እስከ ቤታችን ስንት ሜትር ይሆናል?"

"ሃምሳ አምስት" አልኳት። በዚያው ጠዋት ለፋይሉ የቦታውን ካርታ ስሠራ ለክቼው ነበር።

"በዚያ ርቀት ሰው ይለያል?"

ልዋሻት ፈለግሁ። "ይለያል" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ስሟን ጻፈች፣ ፈረመች፣ ብዕሩን ከድና መለሰችልኝ።

"መነጽሩን አንድ ጊዜ ወደ ቤት ቢያዞረው ኖሮ" አለች፣ "ስጠብቀው ያየኝ ነበር።"